ስልክ ቀስ እያለ ሲሞላ ጥፋቱ የማን ነው?

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይላሉ አባቶች። በዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ትንሽ ይምሰል እንጂ በየመኝታ ክፍላችን ሁልጊዜ የሚያነታርከን ነው። ይኸውም ስማርት ስልካችን ቻርጅ ለመያዝ ሲዘገይ ምክንያቱ ምንድን ነው? እንዴትስ ይመረመራል? የሚለው ነው።

ከራሴ ልጀምር። የማስተማር ልምምድ ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው ስልኬን ማታ ሰክቼው ተኛሁ። ጧት ተነሥቼ ባየው ግማሽ እንኳ አልሞላም። በማግሥቱም እንደዚያው። የትምህርት ዕቅዴ፣ ለክፍል የሰበሰብኳቸው ሥዕሎች፣ ሁሉም ያሉት በዚያው ስልክ ውስጥ ነውና ደነገጥኩ። ሮጥ ብዬ ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰድኩት። እሱም አገላበጠና «ባትሪው ሞቷል፤ ይቀየር» አለኝ። እኔም አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቅ፣ እናቴ ለልምምዱ መመላለሻ ብላ የላከችልኝን ብር አውጥቼ አስቀየርኩ። ማታ ስሰካው ምን ይሆናል? ያው ነው! ግማሽ ሳይሞላ ነጋ። በሦስተኛው ቀን አጠገቤ የሚተኛው ልጅ «እስቲ በኔ ገመድ ሞክረው» አለኝ። ሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጢም ብሎ ሞላ። ለካስ ጥፋቱ የገመዱ ኖሯል! ብሩ ሄደ፤ ልምምድ ወደተመደብኩበት ትምህርት ቤትም በእግሬ ተመላለስኩ።

ይህን የማነሣው ጠጋኙን ለመውቀስ አይደለም። እሱ ገመት አለ፤ ገንዘቡን የከፈልኩት ግን እኔ ነኝ። ነገ ተማሪዎቼን «ግምት በሙከራ ይፈተናል» ብዬ ላስተምር የተዘጋጀሁ ሰው፣ በራሴ ጉዳይ ላይ አንድ ሙከራ እንኳ አላደረግሁም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሌላው ሰልጣኝ ያንኑ ስሕተት እንዳይደግም የተዘጋጀ ነው።

ሀ. ቻርጅ ማድረግ ማለት ምን ማለት ነው?

በቦኖ ውሃ ጀሪካን ስንሞላ እናስብ። ጀሪካኑ ቶሎ የማይሞላው ለምንድን ነው? ምናልባት የቦኖው ግፊት ደካማ ነው። ወይም ጎማው ቀጭን ነው፣ አለዚያም ታጥፏል። ወይም የጀሪካኑ አፍ በቆሻሻ ተደፍኗል። ወይም ደግሞ እኛ ስንሞላ ሌላው ከጀሪካኑ እየቀዳ ይጠጣል። በመጨረሻም ጀሪካኑ ራሱ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። የስልክም ነገር እንዲሁ ነው። ቦኖው ሶኬቱና የቻርጀሩ ራስ ነው፤ ጎማው ገመዱ ነው፤ አፉ የስልኩ መሰኪያ ቀዳዳ ነው፤ እየቀዳ የሚጠጣው የበራው ስክሪንና የሚሠራው አፕ ነው፤ ጀሪካኑ ደግሞ ባትሪው ነው።

ምሳሌው ግን አንድ ቦታ ላይ ያጥራል። ጀሪካን የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል። ስልክ ግን ምን ያህል ኃይል እንደሚቀበል ራሱ ይወስናል። ቻርጀሩ ደካማ መሆኑን ካወቀ፣ ወይም ሰውነቱ ከጋለ፣ «ቀስ በሉ» ብሎ ይቀንሳል። ይህንን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። የኤሌክትሪክ ኃይል የሚለካው በዋት ሲሆን፣ ዋት ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፒር ነው። 5 ቮልትና 1 አምፒር የሚሰጥ ቻርጀር 5 ዋት አለው ማለት ነው። 5 ቮልትና 2 አምፒር የሚሰጠው 10 ዋት፣ 9 ቮልትና 2 አምፒር የሚሰጠው ደግሞ 18 ዋት ነው። በዛሬ ጊዜ ብዙ ስልክ የሚይዘው ባትሪ 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ያህል ነው። የሊቲየም ባትሪ አማካይ ቮልቴጅ 3.8 ገደማ ስለሆነ፣ በውስጡ የሚጠራቀመው ጉልበት 19 ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። ከተላከው ኃይል ጥቂቱ በመንገድ ላይ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። ከመቶ 15 ያህሉ ይጠፋል ብለን ብናሰላ፣ እንዲህ ያለው ስልክ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚጨምረው በግምት የሚከተለው ነው፦

በ2.5 ዋት፦ ከ5 እስከ 6 ከመቶ
በ5 ዋት፦ 11 ከመቶ
በ10 ዋት፦ 22 ከመቶ
በ15 ዋት፦ 33 ከመቶ

እነዚህን ቁጥሮች በደብተራችሁ ገልብጣችሁ ያዙ። ስልክ «ዘገየ» የሚባለው ከቻርጀሩ አቅም አንጻር እንጂ ከጓደኛ ስልክ አንጻር አይደለም። ባለ 5 ዋት ቻርጀር ይዞ «ለምን እንደ እገሌ በአንድ ሰዓት አልሞላልኝም» ብሎ መበሳጨት፣ በቅሎ ላይ ተቀምጦ አውቶቡስ ለመቅደም እንደ መሞከር ነው።

ለ. ምንጩን መመርመር

ብዙዎቻችን በመጀመሪያ የምናማው መብራቱን ነው። «ማታ መብራት ይደክማል፤ ለዚህ ነው» እንላለን። እውነት ነው፣ የአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ይባል እንጂ ሁሉም ሰው ምድጃውን በሚለኩስበት ሰዓት ዝቅ የሚልበት ቦታ አለ። ይሁንና የቻርጀራችሁን ራስ ገልብጣችሁ በእንግሊዝኛ «ኢንፑት» ከሚለው ጎን የተጻፈውን አንብቡ። አብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። ይህ ማለት ደህና ቻርጀር ከሆነ መብራቱ ወደ 180 ቮልት ቢወርድ እንኳ ለስልኩ የሚሰጠውን አይቀንስም። አምፖል ፈዘዘ ማለት የግድ ስልክ ዘገየ ማለት አይደለም።

ከዚያ ቀጥሎ «አውትፑት» የሚለውን አንብቡ። የምትፈልጉት ቁጥር እዚያ ነው፤ ቮልቱንና አምፒሩን አባዙት። ከ5 ዋት በላይ ካልሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ መልሱ ይኸው ነው። በገበያ ፎርጅድ ዕቃ ስለበዛ ግን የተጻፈው ሁሉ እውነት አይደለም። «ኦርጅናል» የሚል ጽሑፍም ዋስትና አይሆንም። የሚታመነው ሙከራው ነው።

ስልካችሁን የምትሰኩት በኮምፒዩተር ላይ ከሆነ ደግሞ መዘግየቱ አይግረማችሁ። የተለመደው አሮጌው የኮምፒዩተር ዩኤስቢ ቀዳዳ የሚሰጠው 0.5 አምፒር፣ ማለትም 2.5 ዋት ብቻ ነው። ከላይ ባለው ሰንጠረዥ መሠረት በግማሽ ሰዓት 5 ከመቶ ማለት ነው።

በመኝታ ክፍል የሚነሣ አንድ ሙግትም እዚህ ላይ ይፈታ። «እናንተ በዲቫይደሩ ላይ አሥር ስልክ ስለሰካችሁ ነው የኔ የዘገየው» የሚል ክስ ይሰማል። ስሕተት ነው። አሥር ስልኮች እያንዳንዳቸው 15 ዋት ቢወስዱ ጠቅላላው 150 ዋት ነው፤ ይህም በ220 ቮልት ሲካፈል 1 አምፒር እንኳ አይሞላም። አንድ ባለ 2000 ዋት ምድጃ ግን ለብቻው 9 አምፒር ይወስዳል። ስለዚህ ዲቫይደሩን የሚያግለውና የሚያቀልጠው ስልኩ ሳይሆን ምድጃውና ካውያው ነው። ክሱ እውነት የሚሆነው አንድ የቻርጀር ራስ ሁለትና ሦስት ቀዳዳ ኖሮት ብዙ ስልክ ሲሰካበት ነው፤ ያን ጊዜ ያለችውን ኃይል ይካፈሏታል።

ሐ. ገመዱን መመርመር

እኔን ያስከፈለኝ ይኸው ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። ገመዱ ከውጭ ሲታይ ወፍራም ሊመስል ይችላል። ኤሌክትሪክ የሚያልፈው ግን በላስቲኩ ሳይሆን በውስጡ ባለው የመዳብ ክር ነው። ክሩ ከቀጠነ፣ ገመዱ ከረዘመ ወይም አንገቱ ላይ ከተሰባበረ፣ ሬዚስታንስ የምንለው የኤሌክትሪክ ማለፍን የሚቃወመው ነገር ይጨምራል።

በኦም ሕግ እናስላው። የገመዱ ሬዚስታንስ ሲሄድና ሲመለስ 0.25 ኦም ነው እንበል። 2 አምፒር ሲያልፍበት 2 ሲባዛ በ0.25፣ ማለትም ግማሽ ቮልት በገመዱ ላይ ይቀራል። ከቻርጀሩ 5 ቮልት ቢወጣም ስልኩ ጋ የሚደርሰው 4.5 ብቻ ነው። ስልኩ ቮልቴጁ መውረዱን ሲያይ «ይህ ቻርጀር አቅም የለውም» ይልና የሚስበውን አምፒር ይቀንሳል። እንግዲህ ቻርጀሩ ደህና፣ ባትሪው ደህና ሆኖ ስልኩ የሚያዘግመው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም አለ። ፈጣን ቻርጅ የሚባለው ዝም ብሎ አይመጣም። ቻርጀሩና ስልኩ በገመዱ ውስጥ ባሉ ቀጫጭን ክሮች መልእክት ይለዋወጣሉ። ስልኩ «9 ቮልት ብትሰጠኝ እችላለሁ» ይላል፤ ቻርጀሩ «እሺ» ካለ ይጀመራል። ከእነዚህ ክሮች አንዱ ከተበጠሰ፣ ወይም ሁለቱ ዕቃዎች የአንድ ዓይነት ስምምነት ካልሆኑ፣ ንግግሩ ይቋረጥና ሁሉም ወደ ተራው ዝግተኛ አሞላል ይመለሳል። ስለዚህ የአንዱ ኩባንያ ፈጣን ቻርጀር ለሌላው ኩባንያ ስልክ ሁልጊዜ ፈጣን አይሆንም።

የተበላሸ ገመድ ምልክቱ ምንድን ነው? አንገቱን ጠምዘዝ ሲያደርጉት ቻርጁ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ፣ ጫፉ ከመጠን በላይ የሚግል ከሆነ፣ ወይም በሌላ ገመድ ሲተካ ፍጥነቱ ከተለወጠ ገመዱ አልቆለታል። በክርና በፕላስተር እየጠመጠሙ ማስታመም ጥቅም የለውም።

መ. የስልኩን አፍ መመርመር

ስልካችን የሚውለው በኪስ ውስጥ ነው። በኪስ ውስጥ የልብስ ብናኝ አለ፣ የጠመኔ ዱቄት አለ፣ አንዳንዴም የቆሎ ፍርፋሪ አይጠፋም። ይህ ሁሉ ቀስ በቀስ መሰኪያ ቀዳዳው ውስጥ ይጠቀጠቃል። ገመዱ ሲሰካ «ቀጭ» ብሎ እስከ ውስጥ የማይገባ ከሆነ፣ ወይም በትንሽ ንክኪ የሚወልቅ ከሆነ መጠርጠር ያለበት ይኸው ነው።

አጸዳዱ እንዲህ ነው። ስልኩ ከሶኬት ይነቀልና ይጠፋል። በባትሪ ብርሃን ውስጡ ይታያል። ከዚያ በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ እየተባለ፣ መሐል ያለችው ምላስ ሳትነካ፣ ብናኙ ከዳር ወደ ውጭ ይሳባል። መርፌና እስፒል ፈጽሞ አይገባበትም፤ ብረት ውስጡን ይቧጥጣል፣ ኤሌክትሪኩንም ሊያገናኝ ይችላል። በአፍ እፍ ማለትም አይበጅም፤ ከትንፋሽ ጋር እርጥበት ይገባል። ቀዳዳው ውሃ ከነካው ሳይደርቅ አትሰኩት። ነፋስ ባለበት ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ሩዝ ውስጥ መቅበር የተለመደ ቢሆንም የሩዙ ዱቄት ራሱ ሌላ ቆሻሻ ይሆናል።

ሠ. እየሞላ የሚጠጣውና የሚያግለው

ስልኩ ተሰክቶ ቪዲዮ የሚታይበት፣ ጌም የሚጫወቱበት ወይም ዳታው ለጎረቤት በዋይፋይ የሚከፈልበት ከሆነ፣ ከገባው ኃይል ብዙው እዚያው ይጠጣል። ኔትዎርክ ደካማ በሆነበት ቦታም ስልኩ አንቴና ለመፈለግ ይለፋል። ከቸኮላችሁ ስክሪኑን አጥፉ፣ የአውሮፕላን ምልክት ያለበትን ቁልፍ አብሩ፣ ወይም ጨርሶ አጥፍታችሁ ሙሉት። ስልኩ ጠፍቶ በፍጥነት የሚሞላ፣ በርቶ ግን የሚዘገይ ከሆነ ጥፋቱ የገመዱም የባትሪውም አይደለም፤ የሚጠጣውን አፕ ፈልጉ።

ሙቀትም እንዲሁ ነው። አንድ ታዋቂ የስልክ ኩባንያ አይፎኑን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ አየር ውስጥ እንድንጠቀምበት ይመክራል። ስልኩ በመስኮት በኩል ፀሐይ እየመታው፣ ወይም በወፍራም ልባሱ ውስጥ ሆኖ ቢሰካ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ራሱን ለማዳን አሞላሉን ይቀንሳል ወይም ያቆማል። ልባሱን አውልቃችሁ ጥላ ቦታ ላይ ጠንከር ባለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት።

ትራስና ፍራሽ ሥር ሰክቶ መተኛት ግን የመዘግየት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። በአንድ ክፍል ብዙ ሆነን የምንተኛ ሰዎች ነንና የአንዱ ቸልተኝነት የሁሉም አደጋ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገርም አለ። የሊቲየም ባትሪ ከ80 ከመቶ በላይ ሲደርስ ስልኩ ሆን ብሎ ያዘግማል። አውቶቡስ ባዶ ሳለ ሰው እየሮጠ ይገባል፤ ሊሞላ ሲል ግን እየተጠጋጋ፣ «ይቅርታ» እየተባባለ ነው። ባትሪውም እንደዚያው ነው። ከዚህም ሌላ ብዙ አዳዲስ ስልኮች የባለቤታቸውን የመነሻ ሰዓት አጥንተው፣ ሌሊቱን 80 ላይ ቆመው ያድሩና ንጋት ላይ ይጨርሳሉ። ይህ ባትሪውን ለማቆየት የታሰበ እንጂ ብልሽት አይደለም። ካልተፈለገ በሴቲንግ ውስጥ በባትሪ ክፍል ሊጠፋ ይችላል።

ረ. ባትሪውስ?

ባትሪውን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት በምክንያት ነው። በመጀመሪያ የሚወቀሰው እሱ ነው፤ ገንዘብም የሚያስወጣው እሱ ነው። ሊቲየም አዮን ባትሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን፣ ለዚህ ሥራ መሠረት የጣሉት ጆን ጉዲናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ እ.ኤ.አ. በ2019 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ይህ ባትሪ ጥሩ ነገር ቢሆንም ዕድሜ አለው። በተሞላና ባለቀ ቁጥር የመያዝ አቅሙ በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሳል።

ነገር ግን የደከመ ባትሪ ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ቀስ ብሎ መሙላት አይደለም። ያነሰ ጀሪካን ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ያልቃል! ቻርጁ ጧት 100 ብሎ ረፋድ ላይ የሚያልቅ ከሆነ፣ ወይም 30 ከመቶ እያለ ድንገት ድርግም የሚል ከሆነ፣ ያን ጊዜ ባትሪውን ጠርጥሩ። በአይፎን ላይ የቀረው አቅም ስንት ከመቶ እንደሆነ በሴቲንግ ይታያል፤ አንዳንድ አንድሮይድ ስልኮችም ያሳያሉ። ጠጋኙ «ባትሪው ሞቷል» ባለኝ ጊዜ የኔ ስልክ አንዴ ከሞላ ቀኑን ሙሉ ይውል ነበር። ያችን አንዲት ነገር ባስብ ኖሮ ብሬ በኪሴ ትቀር ነበር።

ባትሪው አብጦ የስልኩን ጀርባ ወይም ስክሪን ወደ ላይ ከገፋው ግን ሙከራ የለም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አይሰካም፣ አይጫንም፣ አይወጋም፤ በጥንቃቄ ወደ ባለሙያ ይወሰድ።

ሰ. ምርመራው በተግባር

እንግዲህ የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይኸ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፤ ውጤቱንም ጻፍ። ገመዱንም፣ ቻርጀሩንም፣ ሶኬቱንም በአንድ ላይ ብንለውጥ ስልኩ ሊሞላልን ይችላል፤ ግን የትኛው እንዳዳነን አናውቅም። ደብተርና ሰዓት አዘጋጁና እንዲህ አድርጉ።

አንደኛ፣ ስልኩ 20 ከመቶ ገደማ ሲደርስ ስክሪኑን አጥፍታችሁ በራሳችሁ ዕቃ ለ30 ደቂቃ ሰክታችሁ የጨመረውን ጻፉ። ከላይ ካለው ሰንጠረዥ ጋር አስተያዩት።
ሁለተኛ፣ ቀዳዳውን አጽድታችሁ ድገሙት።
ሦስተኛ፣ ገመዱን ብቻ በጓደኛ ገመድ ለውጡ።
አራተኛ፣ የራሳችሁን ገመድ መልሳችሁ የቻርጀሩን ራስ ብቻ ለውጡ።
አምስተኛ፣ ሁሉንም ወደ ቦታው መልሳችሁ ሶኬቱን ብቻ ለውጡ።
ስድስተኛ፣ ስልኩን ጨርሶ አጥፍታችሁ ሞክሩ።
ሰባተኛ፣ የናንተን ገመድና ቻርጀር በጓደኛ ስልክ ላይ ሞክሩ። በዚያ በፍጥነት ከሞላ፣ በናንተ ግን ከዘገየ፣ ጥፋቱ ከስልኩ ወገን ነው።

ሙከራው ሁሉ ከተቀራረበ መነሻ መጀመር አለበት። አንዱን ከ20፣ ሌላውን ከ85 ብትጀምሩ ማወዳደር አይቻልም። ይህ ሁሉ ሆኖ ካልተገኘ፣ ያን ጊዜ ጠጋኝ ጋ ሂዱ። ግን ባዶ እጃችሁን ሳይሆን ደብተራችሁን ይዛችሁ፣ «በሁለት ገመድና በሁለት ቻርጀር ሞክሬያለሁ፤ ውጤቱ ይኸውና» በሉት። እንዲህ የሚለውን ደንበኛ በግምት ባትሪ የሚያስቀይረው የለም።

ወደ ገጠር ትምህርት ቤት ለምትመደቡም አንድ ቃል። መብራት በሌለበት በፀሐይ ኃይል ስትሞሉ ደመና ባለፈ ቁጥር ኃይሉ ይወርዳል። ስለዚህ ስልኩን ፀሐይ ላይ ከማስጣት ይልቅ ቀን ቀን ፓወር ባንኩን ሞልቶ ማታ ከእሱ ወደ ስልክ ማዛወር ይሻላል። ባለ 10000 ሚሊአምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ ግን ባለ 5000 ስልክን ሁለት ጊዜ ሙሉ አይሞላም፤ በሁለቱም በኩል በሚጠፋው ኃይል ምክንያት አንድ ጊዜ ተኩል ቢሞላ ነው።

በመጨረሻ ለእናቴ ስልክ ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። «እማዬ፣ የላክሽልኝ ብር ለማያስፈልግ ባትሪ ወጣ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «አሁንስ ይሞላልሃል?» አለችኝ። «አዎ፣ በገመድ ነበር» ስላት፣ «እንግዲህ ለልጆቹ ንገራቸው፤ ያኔ ብሩ በከንቱ አልወጣም» አለችኝ። ይኸው እየነገርኩ ነው። እናንተም ገመድ ሲቸግራችሁ ተዋዋሱ፤ የ30 ደቂቃ ውሰት የአንድ ወር የኪስ ገንዘብ ታድናለች።